የጳጉሜን ቁጥር

በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት ላይ ከመርስዔ ኀዘን የበለጠ የጻፈ ሰው አልነበረም፤ ከእሱ ያነሰ መልስ ያገኘም አልነበረም። ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ ፀሐይ ፊቷን ሳትታጠብ፣ ወደ ሐይቁ ይወርድና አንድ ቁጥር አይቶ ተመልሶ ቅጽ ላይ ያሰፍራል። ወሩ ሲያልቅ ቅጹን አጥፎ ለጀልባዋ ይሰጣል። ጀልባዋ ባሕር ዳር ታደርሰዋለች፤ እዚያ ያለ አንድ የውሃ ጥናት ጽሕፈት ቤት ይቀበለዋል። ከዚያ ወዲያ ቅጹ ሰማይ ይውጣ ምድር ይግባ የሚያውቅ የለም። በምላሹ የሚመጣው ሌላ ባዶ ቅጽ ነው።

ሥራውን ያገኘው አብዮቱ በመጣ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሁለት ሰዎች ሲሚንቶና ብረት ጭነው ከባሕር ዳር መጡና፣ ውሃው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጸጥ በሚልበት ጥግ ላይ በርሜል የሚያህል ቧንቧ ተከሉ። ቧንቧው ታቹ ተበስቷል፤ ውሃ ይገባበታል፣ ማዕበል ግን አይገባበትም። በውስጡ በሚሊሜትር የተሰመረ ዘንግ በአንድ ቡሎን ታስሮ ቆሟል። ሰዎቹ "ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ጧት የሚነሣ፣ ሌላ ሥራ የሌለው ሰው አለ?" ብለው ጠየቁ። ሦስቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው በደሴቱ አንድ ብቻ ነበርና መንደሩ መርስዔን ገፍቶ አወጣው።

መርስዔ የቤተ ክህነት ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ነበሩ። ዜማ አስጀምረውት ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ቀንድ ቢያስቸግራቸው፣ ወደ ባሕረ ሐሳብ፣ ወደ ዘመን ቁጥሩ መለሱት። እዚያስ ቀናው። በዓላቱንና አጽዋማቱን በጣቱ አንጓ ላይ እያስሮጠ መምህሩን ሳይቀር ይቀድም ነበር። ግን እጁ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ አንድ ዓመት ጾመ ነነዌን በአንድ ሳምንት አስቀድሞ አወጀና ግማሹ ደሴት ሦስት ቀን በከንቱ ጾመ። እንዲያውም አንዲት ባልቴት የጾሙትን ሦስት ቀን ለከርሞ እንዲያዝላቸው ቄሱን ተከራክረዋል ይባላል። መርስዔ በዚያው ከትምህርት ቤት ተባረረ። ያላለቀ ዜማና ያለቀ የዘመን ቁጥር ይዞ ከእናቱ ጋር ተቀመጠ፤ እናቱ ሲሞቱም ጎጆዋን ወርሶ ብቻውን።

ቧንቧውን የተከሉት ሰዎች የመጡት በጥር ነበር። ቢጠይቁ ኖሮ ማንም ሰው ይነግራቸው ነበር፤ ያ ጸጥ ያለ ጥግ በጳጉሜን የሴቶች ነው። ጳጉሜን ሲገባ ውሃ ሁሉ ጠበል ነውና የደሴቱ ሴት፣ ልጅም አሮጊትም፣ ጎሕ ሲቀድ እዚያ ወርዳ ትጠመቃለች። ወንዶች በሌላው በኩል ነው የሚወርዱት። መርስዔ ግን በመጀመሪያው ዓመት፣ ጳጉሜን አንድ ቀን፣ ልክ ቅጹ እንዳዘዘው ጧት በዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ዘው አለ።

የብርጓል የምትባል፣ ትከሻዋ የታንኳ ሸክም የሚችል ባልቴት፣ እርጥብ ነጠላዋን ጭንቅላቱ ላይ ጣለችበትና እንደ ዓይነ ስውር በቅሎ እየጎተተች ዳገቱን አወጣችው።

"ቁጥር ላይ ነኝ፣ እትየ የብርጓል፤ የመንግሥት ሥራ ነው" ይላል ከነጠላው ውስጥ።

"እና ስንት ሆነን?" አለችው።

ቄሱ አርባ ስግደት ሰጡት። ሰግዶ ሲመለስ ቅጹ ላይ አምስት ባዶ መስመር ይጠብቀዋል። ቀን ላይ፣ ሴቶቹ ሲሄዱ፣ ወርዶ ማየት ይችል ነበር። አኮረፈ። ካኮረፈ በኋላ ደግሞ እጁን አሳከከው። የዚያ ዓመት አበቅቴ ዐሥራ አንድ ነበር፤ አበቅቴ ማለት የባሕረ ሐሳብ ቁጥር ነው፣ የጨረቃን ሒሳብ የሚይዝ፤ በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ይጨመርበታል፣ ከሠላሳ ሲያልፍ ሠላሳው ይጣላል። መርስዔም ሐይቁ በጳጉሜን ዐሥራ አንድ ሚሊሜትር እንዲጨምር ፈረደና ለአምስቱ ቀን አከፋፍሎ ጻፈው። መስከረም አንድ ላይ ወርዶ እውነተኛውን ቁጥር አየ፤ ከራሱ ቁጥር ጋር ዓይንና ናጫ ነው። እንዳለ ጻፈው። "አሁን ይቆጡኛል" አለ በሆዱ። "ይሄ ምን ዝላይ ነው ብለው አንድ ሰው ይልካሉ።"

ማንም አልመጣም። በዓመቱ ጳጉሜን የሃያ ሁለት ሚሊሜትር ውሃ ጻፈ። ማንም አልመጣም። በሦስተኛው ሦስት ጻፈ። ከቅጹ ጫፍ ደግሞ "አስተያየት" የሚል ሁለት ጣት የማይሞላ ዓምድ አለ፤ እዚያ ላይ መነካካት ጀመረ። "ዛሬ ጉማሬዋ ወጥታ የይለፍ ወረቀት ጠየቀችኝ።" "ዛሬ ወባ ትንኝ መታወቂያዬን አይታ ነው የነከሰችኝ፤ የዚህ ቀበሌ አይደለህም ብላ ጓደኛዋን አስከለከለች።" "ዛሬ አምባዛው ውሃ በዝቶበት ለመዋኘት ወደ ቤቴ መጣ።" በደርግ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር በመንግሥት ወረቀት ላይ የጻፈ ሰው ቢያንስ አንድ ፖሊስ ይመጣለታል። ለመርስዔ ፖሊስም አልመጣለትም። አንዳንድ ቀን ይህን ሲያስብ ፖሊሱ ይናፍቀው ነበር።

እንዲህ ሆኖ ዐሥር ጳጉሜን አለፈ። በ1979 ዓ.ም.፣ ነሐሴ ሃያ ሦስት ቀን፣ ከጀልባዋ ላይ አንዲት መነጽር ያደረገች አጠር ያለች ሴት ወረደች። በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው እጇ ትከሻዋን ያጎበጠ የእንጨት ሣጥን ይዛለች። ቅጽ ሊቀበል የወረደውን መርስዔን አየችው።

"መርስዔ ኀዘን የሚባሉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ። ምን አጠፋሁ?"

"ጉማሬዋ ደህና ናት?"

መርስዔ አፉን ከፈተና የሚወጣ ነገር አጣ። በዕድሜው ቃል ሲያጥረው ይህ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው እናቱ የሞቱ ዕለት ነበር። ሣጥኑን ተቀብሎ ዳገቱን መራት።

እሌኒ ትባላለች። የሐረር ልጅ ናት፤ ሌኒንግራድ ሰባት ዓመት ሒሳብ ተምራ፣ በመምህርነት ተመድባ ባሕር ዳር ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። ሒሳብ ሲባል ግን ሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚጠፋውን አይደለም፤ ሒሳቡን ወንዝ ውስጥ፣ ማሳ ውስጥ፣ ፋብሪካ ውስጥ አስገብቶ ሥራ ማሠራት ነው የተማረችው። የውሃ ጥናት ጽሕፈት ቤቱ በአንድ ክፍል ውስጥ አይጥ ጆሮውን የበላው የቅጽ ክምር ሰጣትና "ከዚህ አንድ ነገር አውጪ" አላት። ክምሩ የመርስዔ እጅ ጽሑፍ ነበር። መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ አስተያየቱን፣ አንድም ሳታስቀር አነበበችው።

ማረፊያዋ የብርጓል ቤት ሆነ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ጓድ ደሞዝ፣ ሣጥኑን ለመመርመር መጣ። ውስጡ እጀታ ያለው የብረት ማሽን ነው፤ ቁጥር አስገብተው ሲያዞሩት ያባዛል፣ ያካፍላል፣ ሲያዞሩትም ወፍጮ ላይ ጠጠር እንደ ገባ ያንገጫግጫል።

"ይሄ ሬድዮ አይደለም?" አለ ጓድ ደሞዝ።

"የሒሳብ ማሽን ነው፣ ጓድ።"

"በርበሬ ይፈጫል?"

"ቁጥር ብቻ ነው የሚፈጨው።"

ጓድ ደሞዝ ሁለት ጊዜ አዙሮት፣ የወጣውን ቁጥር አይቶ፣ "ይሄ ለምኑ ይበቃል" ብሎ የይለፍ ወረቀቷ ላይ ፈረመላት።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ጥቂት ቀናት ለመርስዔ ዓመት በዓል ነበሩ። ጧት ጧት አብረው ይወርዳሉ። እሱ ቧንቧውን አጎንብሶ ያያል፣ ቁጥሩን ይጠራል፤ እሷ በደብተሯ ትጽፋለች። ዐሥር ዓመት ለራሱ ብቻ ሲናገር የኖረውን ቁጥር ሰው ሲሰማው፣ ድምፁ ሳይታወቀው ዜማ ዜማ ይለው ጀመር። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ይብራ የሚባለው የውሃ ወፍ ሲነሣ፣ የታንኳ ሰዎች ሲያልፉ ያያሉ። መርስዔ ወሬውን ይለቀዋል፤ አምባዛው አንዱን ዓሣ አጥማጅ ከነታንኳው ውጦት፣ ሰውየው ሆዱ ውስጥ ዳዊት ሲደግም ዓሣው ሰልችቶት ጎርጎራ ላይ እንደተፋው ይነግራታል። እሷ አፏን በእጇ ከልላ ትስቃለች።

"ባሕር ዳር እኮ ማንም ቀልድ አይነግረኝም" አለችው አንድ ጧት። "ተማሪዎቼ በማሽኑ ስም ነው የሚጠሩኝ፤ በጀርባዬ። መምህራኑ ምሳ ሲበሉ ስለ ቀለብ ነው የሚያወሩት። እኔ አንድ ጠረጴዛ አለችኝ፣ ጥግ ላይ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ አያውቅም። ሌሎች ጠረጴዛዎች ወንበር ሲያንሳቸው መጥተው ይወስዱታል።"

"እንዲያው እኔስ ብቀመጥበት?"

"እርስዎማ ተቀምጠውበት ነው የኖሩት። ቅጽዎን እዚያ ነው የማነበው።"

መርስዔ ወደ ሐይቁ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶበት ነበር፤ የዚያ አገር ትንኝ መቼም አያጣም።

ነሐሴ ሃያ ሰባት ቀን ደብተሯን ከፍታ አሳየችው።

"ሐይቅ ማለት ትልቅ ጋን ነው" አለች። "ዝናብ ከላይ ይገባበታል፣ ወንዞች በጎን ይገቡበታል፣ ፀሐይ ትጠጣበታለች፣ በአባይ በኩል ደግሞ ይፈስሳል። የገባውን ደምሬ የወጣውን ስቀንስ፣ የሚቀረው እርስዎ ጧት የሚያዩት ቁጥር መሆን አለበት። ያንን ከወር በፊት ማወቅ ከቻልኩ፣ በውሃው ዳር የሚዘራው ገበሬ እስከ የት እንደሚዘራ አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ዘሩን ውሃ አይበላውም።"

"ታዲያ ሆነልዎ?"

"ሦስት መቶ ስድሳውን ቀን ሆነልኝ። ጳጉሜን ሲደርስ እምቢ አለኝ።"

መርስዔ ጆሮው ላይ ያለውን እርሳስ ነካ ነካ አደረገ።

"ዝናቡን ጠየቅሁ" አለች በሱ አነጋገር፣ ፈገግ ብላ። "ነፋሱንም ጠየቅሁ። አልሆነም። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ የጳጉሜንን ጭማሪ ዓመት በዓመት በተርታ ጻፍኩት። ይስሙ። ዐሥራ አንድ። ሃያ ሁለት። ሦስት። ዐሥራ አራት። ሃያ አምስት። ስድስት። ዐሥራ ሰባት። ሃያ ስምንት። ዘጠኝ። ሃያ።"

"አንድ" አለ መርስዔ። አፉን አምልጦት ነው፤ የልጅነት ትምህርት መሐሉ ላይ አያስቆምም።

እሌኒ መነጽሯን አወለቀች። "እንዴት አወቁ?"

"እ... ገመትሁ።"

"የዘንድሮው አንድ ሚሊሜትር ነው የሚሆነው፤ እኔም አስልቼው አንድ ነው የወጣልኝ። በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ይጨምራል፣ ከሠላሳ ሲያልፍ ይመለሳል። ዐሥራ አንድ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት የሚያንስበት ቀን ነው። ጨረቃ በጳጉሜን ሐይቁን ትይዘዋለች፣ መስከረም አንድ ቀን ትለቀዋለች። ለዚያ ነው በአዲስ ዓመት እንደዚያ የሚዘለው።" መነጽሯን መልሳ አደረገች። "ይሄን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም። እኔና እርስዎ ብቻ ነን።"

እውነትም ነበር፤ ግን እሷ ባሰበችው በኩል አይደለም። ያቺን ገጽ ባሕር ዳር ላይ ከየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተቀመጠ ደብተራ ብታሳየው ኖሮ፣ ሰውየው ሳቁ ሳያልቅ አባይ ጣናን ጨርሶ ይጠጣው ነበር። እሷ ግን የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።

"አዲስ አበባ በመስከረም አጋማሽ ጉባኤ አለ" አለች ደብተሩን እየዘጋች። "ስሜ ተመዝግቧል። ሌኒንግራድ ያሉት መምህሬም ጽሑፉን ይጠብቃሉ። የቀረኝ ጳጉሜንን በዓይኔ ማየት ነው። እትየ የብርጓል እኔ ብወርድ ማንም አይከለክለኝም ብለውኛል።"

ማንም አይከለክላትም። ሴት ናት። ዐሥር ዓመት ሙሉ በሴቶቹ የተጠበቀው የመርስዔ ውሸት፣ በአንዲት ሴት ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀረው።

እነዚያን ሦስት ቀናት እንዴት እንዳሳለፋቸው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ቢነግራት ትሄዳለች። ባይነግራትም ሐይቁ ይነግራታል፤ ሐይቁ እንደሱ አፍ የለውም እንጂ ውሸት አይችልበትም። ደግሞ ባይነግራትና ሐይቁ እንደ አጋጣሚ አንድ ሚሊሜትር ቢጨምርስ? ያኔ ያቺን ገጽ ይዛ ጉባኤ ፊት ትቆማለች፣ አንድ የቄስ ልጅ ከመሐል ይነሣና "ይሄ እኮ አበቅቴ ነው" ይላታል። መርስዔ የሰዎቹን ሳቅ እዚህ ደቅ ላይ ሆኖ ሰማው።

ነሐሴ ሠላሳ ቀን፣ ፀሐይ ወደ ውሃው ስታዘቀዝቅ፣ መፍቻ ይዞ ወረደ። ሰይጣን የመከረው እንዲህ ነው፦ ዘንጉን የያዘው ቡሎን አንድ ብቻ ነው። በየጧቱ ከሴቶቹ ቀድሞ ወርዶ፣ ውሃው የጨመረውን ያህል ዘንጉን ከፍ ቢያደርገው፣ እሌኒ ስታይ ሐይቁ ቆሞ ታገኘዋለች። አንድ ሚሊሜትር ብቻ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ትመጣለች። በየዓመቱ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ።

ቡሎኑን ግማሽ ዙር ፈታው። ዘንጉ ትንሽ ተነቃነቀ።

በዐሥር ዓመት ውስጥ ያንን ዘንግ በእጁ ነክቶት አያውቅም ነበር። ጧት ጧት "እንደምን አደርህ" ይለዋል እንጂ። ቅጹን ዋሽቷል፣ ሰውን ዋሽቷል፣ ነነዌን ዋሽቷል፤ ዘንጉ ግን ደሴቱ ላይ እሱ ያልቀለደበት ብቸኛ ነገር ነበር። ሲነቃነቅ ሲያየው የታመመ ሰው ይመስለው ጀመር። መልሶ አጠበቀው፣ እጁ እስኪላጥ።

የብርጓል ቤት ሲደርስ ማሽኑ ይንገጫገጫል። እሌኒ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ በመጨረሻው ብርሃን ታዞራለች።

"ጓድ እሌኒ" አለ ሳይቀመጥ። "ጨረቃዋ እኔ ነኝ።"

ሳቀች። አፏን በእጇ ከልላ ሳቀች፤ የዛሬው ወሬ መጣ ብላ።

"ቀልዴን አይደለም። ጳጉሜን ወርጄ አላውቅም። ሴቶቹ አባረውኝ ነው። ቁጥሩን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ ከባሕረ ሐሳብ።"

"አምባዛው ነው ወይስ ጉማሬዋ የነገረችዎት?" አለች፤ አሁንም እየሳቀች ነው። ይህ ነው የውሸታም ቅጣቱ፤ እውነቱን ሲያወጣው ከውሸቶቹ ጋር ተሰልፎ ይቆማል።

"አንድ ዓመት ይጥሩልኝ። የፈለጉትን።"

"1985።"

መርስዔ አውራ ጣቱን በጣቶቹ አንጓ ላይ አስኬደው፤ የአንድ ትንፋሽ ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም። "ሰባት።"

እሌኒ ደብተሯን ገለጠች። እርሳሷ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ነበር፣ ግን ማንም አልነበረበትም። ማሽኑን ዘጋችው።

"ለምን ቀን ላይ አልወረዱም?" አለች። "ሴቶቹ ሲሄዱ።"

"የሚያነበው ሰው እንዳለ ልይ ብዬ ነው። አንድ ሰው ይቆጣኛል ብዬ። ዐሥር ዓመት ጠበቅሁ።"

"እኔ ዘገየሁ እንግዲህ።"

"የቀረው ግን እውነት ነው፣ ጓድ። ከጳጉሜን በቀር አንድ ቀን አልዋሸሁ። ወደ አራት ሺህ ጧት ነው።"

"ይሄን የሚለኝ ማን ነው?" አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። "ጳጉሜንን የጻፈው ሰው ነው። እውነቱን ከውሸቱ የምለይበት ነገር ከሌለኝ፣ ሁሉንም ነው የምጥለው። ሒሳቡ እንደዚያ ነው።"

መርስዔ ይህን አላሰበበትም ነበር። ሐምሳ ሁለት ቀን ዋሽቶ ወደ አራት ሺህ ጧቱን እንደሚያስበላ አልገባውም ነበር። ዝናብ የደበደበው፣ ወባ እያንቀጠቀጠው በምርኩዝ የወረደበት፣ ጭጋጉ ዘንጉን ሲሸፍንበት በትንፋሹ ገልጦ ያየበት ጧት ሁሉ አብሮ ሊጣል ነው። "እንዲያ ከሆነ" አለና ሄደ።

ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች፤ ዘመኑ ሉቃስ ነው። እሌኒ ስድስቱንም ጧት ከሴቶቹ ጋር ወረደች። መርስዔ ከዳገቱ ወዲያ፣ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ ይቀመጣል። የሴቶቹ ጫጫታ ይሰማዋል፣ የውሃው መንቦጫረቅ፣ የየብርጓል ወፍራም ድምፅ፦ "ጎንበስ በይ እቴ፣ ጀርባሽን ልሽልሽ፤ ቁጥሩ የትም አይሄድብሽ።" በሩፋኤል ዕለት የእሌኒ ሳቅ ተሰማው። በእጇ አልከለለችውም መሰለኝ ሲል አሰበ፤ ከዳር እስከ ዳር ነበር የሄደው።

በመጨረሻው ጧት ፀጉሯ እየተንጠባጠበ በአጠገቡ ስታልፍ፣ "ስንት ሆነ?" አላት።

"ሃያ ሦስት" አለችው፣ ሳትቆም።

በመስከረም ሁለት ጀልባዋ መጣች። ሣጥኑን ተሸክሞ አደረሳት። የይለፍ ወረቀቷን አወጣች፣ መነጽሯን ጠረገች፣ "ደህና ይሁኑ" አለችው። "እግዜር ይስጥልኝ" አላት፤ ለምኑ እንደሆነ አልተናገረም። ጀልባዋ ትንሽ ሆነች፣ ይብራ የምታህል ሆነች፣ ከዚያ ሐይቁ ብቻ ሆነ።

መርስዔ ግን መውረዱን አልተወም። ማንም ቢጥለውም ባይጥለውም፣ ጧት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እግሩ ራሱ ይወስደዋል። የአስተያየቱን ዓምድ ግን ባዶውን ተወው። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጉማሬዋ አልታየችም፤ ብትታይም አልጻፋትም። ድንጋዩ ላይ ሲቀመጥ ለሌላ ሰው የሚበቃ ቦታ እየተወ ነበር የሚቀመጠው። የብርጓል አንድ ቀን አይታው፣ "አንተ መርስዔ፣ መሐሉ ላይ ተቀመጥ፤ ትወድቃለህ" አለችው።

በየካቲት መጨረሻ ባዶ ቅጽ መጣ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ፣ እንደ ሁልጊዜው አጥፎ ሊያስቀምጠው ሲል፣ በአስተያየት ዓምዱ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በቀጭን እርሳስ የተጻፈ አየ። ጠባብ ቦታ ስለሆነ ጽሑፉ እንደ መሰላል ነው የሚወርደው።

"ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ሌላ ዘንግ አለ። ሐይቁ አንድ ነውና በሁለቱም ጫፍ አብሮ መውጣትና መውረድ አለበት። የእርስዎን ቁጥር ከዚያኛው ጋር ቀን በቀን አስተያየሁት፤ አምስት ወር ፈጀብኝ። እውነትዎን ነው። ሁሉንም ይዤዋለሁ፤ ጳጉሜን የሌለው ቀመር ጽፌ ለጽሕፈት ቤቱ ትቼለታለሁ። ጉባኤው ላይ አልቀረብኩም። ወደ አሰላ ተዛውሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ቅጹን የሚቀበለው ሌላ ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ አልተስማማልኝም። ከሐምሌ 21 እስከ 23 ቀን 1974፣ ባሕር ዳር ላይ ውሃው ስድስት ሳንቲሜትር ጨምሯል። እርስዎ ግን ሦስቱንም ቀን አንድ ቁጥር ጽፈዋል። የት ነበሩ?"

መርስዔ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ቆየ። ከጳጉሜን በቀር አልዋሸሁም ያላት ከልቡ ነበር። እነዚያን ሦስት ቀናት ረስቷቸው ነበር፤ ወይም ሰው ሊረሳው የሚፈልገውን በሚረሳበት መንገድ ረስቷቸው ነበር። ሐምሌ 21 ቀን ጧት ቀብር ነበር። 23 ቀን ሠልስት። በአራተኛው ቀን ወርዶ ውሃው ከፍ ብሎ ሲያገኘው፣ ያለፉትን መስመሮች በቆየው ቁጥር ሞላቸው። ያን ጊዜ ደጃፉ ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች እንኳ አላስተዋሉም፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ የመጣም አልነበረም። አሁን ግን አንዲት ሴት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ከሐይቁ ወዲያ ማዶ፣ እጀታ እያዞረች ደርሳበታለች።

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። የሚጽፈው ብዙ ነበር፤ ዓምዱ ግን በእሷ ጽሑፍ ሞልቶ ከታች አንድ ጣት ታህል ቦታ ነው የቀረችው። ቅጹ ባሕር ዳር ሲደርስ ማን እንደሚቀበለው አያውቅም። ያ ሰው ያነብበው፣ አይጥ ያነብበው፣ አያውቅም። እርሳሱን በምላሱ አራሰና፣ በዚያች ቦታ ላይ ጻፈ፦

"እናቴን ቀበርሁ። ጉማሬዋ ደህና ናት።"

ከዚያ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነበርና ተነሥቶ ወደ ውሃው ወረደ።